የኢዚዶር ጌዝና አንድ ቁራጭ ስኳር

ኦዲል ትፈልግሃለች ሲባል ጎማር መጀመሪያ የመሰለው ሰው የሞተ ነው። ሴትዮዋ በደህና ቀን እሱን አታስጠራም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ መንደር እየኖሩ፣ ከአንድ ዳቦ ቤት እየገዙ፣ እሑድ እሑድ በአንድ ጣሪያ ሥር እያስቀደሱ አንዲት ቃል አልተለዋወጡም። እሷ መንገድ ላይ ካየችው ወደ ማዶ ትሻገራለች። እሱ ደግሞ ትሻገር ብሎ ሆን ብሎ በእሷ በኩል ይሄዳል።

መልእክቱን ያመጣው የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ደዋይ ኔስቶር ነው።

«ማን ሞተ?» አለው ጎማር በሩን በግማሽ ከፍቶ።

«ማንም አልሞተም።»

«ታዲያ ምን ሆና ነው?»

«እኔ ምን አውቄ! እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይምጣ ብላለች። ‹ያንን መርዘኛ አፉን ይዞ ይምጣ› ነው ያለችኝ፣ ቃል በቃል።»

«አፌን ጥዬው የት እሄዳለሁ?» አለና በሩን ዘጋበት።

ጎማር ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር ነው። ከመንደሩ ከኤልስቤክ ወንዶች ግማሾቹን አስተምሯል፤ ግማሾቹን ደግሞ አስለቅሷል። ሰው ሲሳሳት ዝም ማለት አይችልም። ካህኑ በስብከት መካከል ዓመተ ምሕረት ቢሳሳቱ ከወንበሩ ሳይነሳ ያርማቸዋል። ሚስቱ በሕይወት ሳለች «አንተ እኮ መቃብርህ ላይ የሚጻፈውንም ታርማለህ» ትለው ነበር። እሱም ድንጋይ ቀራጮቹ ፊደል እንደሚገድፉ ነግሯት ነገሩን እዚያው ይዘጋዋል።

የኦዲል ቤት ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለችው ጠባብ መጠጥ ቤት ናት። ባሏ ኢዚዶር ጌዝ የሚባለው ጎምዛዛ ቢራ ቀማሚ ነበር። ቢራ አይጠምቅም። ጎምዛዛውን ጥሬ ቢራ ከጠማቂዎች ይገዛል፣ ምድር ቤቱ ውስጥ በእንጨት በርሜል ለዓመታት ያስተኛዋል፣ ከዚያ አሮጌውን ከለጋው እየቀመመ በጠርሙስ ይሞላዋል። ሙያው ያለው ምላሱ ላይ ነው። ጠርሙሶቹ ወረቀት አይለጠፍባቸውም፤ ግድግዳ ሥር በጎናቸው ይተኛሉ፣ ከላይ በኩል በኖራ አንድ ነጭ መስመር ይሰመርባቸዋል። ያ መስመር ሰማይ ሰማይ እያየ ወጥቶ፣ ሰማይ ሰማይ እያየ ቅርጫት ውስጥ ገብቶ፣ ጠረጴዛ ላይ ይቀርባል። ከተገለበጠ አተላው ይነሳና የዓመታት ልፋት ድፍርስ ይሆናል።

ዋጋው ደግሞ ለሰው ነበር። ደመወዝተኛም፣ ጡረተኛም፣ ገበሬም እሑድ አንድ ጠርሙስ አዝዞ ዳቦና ነጭ አይብ እየቆረሰ የሚጠጣበት ዋጋ። ታዲያ ጎማር ያንን ቤት በራሱ ላይ በገዛ አፉ ዘጋው።

የትንሣኤ እሑድ ነበር። ኢዚዶር አዲሱን ቅይጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያስቀምስ ቤቱ ጢም ብሏል። ከሰው ሁሉ መርጦ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ለጎማር ሰጠው፤ የሚያከብረው ምላስ የእሱን ነበርና። ጎማር ቀመሰ። ደገመ። ከዚያ ኢዚዶርን አላየውም፤ ፊቱን ወደ ኦዲል አዙሮ «ስኳር አለሽ?» አላት።

ብራስልስ ከተማ ውስጥ ቢሆን ነገሩ ነገር አይባልም። እዚያ ሽማግሌዎቹ ጎምዛዛ ቢራቸው ውስጥ ስኳር ጥለው በብረት ይደቁሱታል፤ ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም። እዚህ ሸለቆ ውስጥ ግን ቀማሚው ቆሞ፣ በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ቢራው ላይ ስኳር መጠየቅ ሰውየውን በጥፊ ከመምታት ይብሳል። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ኢዚዶርም አብሮ ሊስቅ ሞከረ፤ ከንፈሩ ግን እንቢ አለው። ኦዲል የስኳር ዕቃውን ይዛ መጣችና ከነክዳኑ ጎማር ጭን ላይ ገለበጠችው። «ውጣ! ሁለተኛ እግርህ እዚህ እንዳይደርስ!» አለችው።

ቢራው በእርግጥ መጥፎ ነበር። ይሄ መካድ የለበትም። አቼቶ አቼቶ ይላል፣ ጉሮሮ ይቧጥጣል። ሰዉ ሁሉ አውቋል፤ የተናገረው ግን ጎማር ብቻ ነው። ኢዚዶርም ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ጠርሙስ አልሞላም። የቀድሞዎቹን እየሸጠ ኖሮ፣ ባለፈው ክረምት ሳንባው ከዳውና ሞተ። ጎማር ቀብሩ ላይ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ነበር። ኦዲል አይታዋለች።

ከዚያ ቤት ከተባረረ ወዲህ የጎማር ኑሮ ፍለጋ ሆኗል። ሰው ጡረታ ሲወጣ ዓሣ ያጠምዳል፣ ጽጌረዳ ይተክላል፤ እሱ በየአውቶቡሱ እየተሳፈረ የሚጠጣ ጌዝ በሚከፈል ዋጋ ይፈልጋል። ከተማ ገብቶ ጥሩ አገኘ፤ ዋጋውን ሲያይ ብርጭቆውን ሳይጨርስ ስካሩ ለቀቀው። ትልልቆቹ ሱቆች ውስጥ ርካሽ አገኘ፤ እሱ ደግሞ ለሕፃን ሳል የሚሰጥ ሽሮፕ ነው። የሚወዳቸው ትንንሽ ቤቶች አንድ ባንድ ተዘጉ። በቀሩት ላይ ጠርሙስ አሳዳጆቹ ወረዱባቸው፤ መኪና አቁመው፣ መደርደሪያ ሙሉ ጠራርገው፣ በማግሥቱ በስልክ በአምስት እጥፍ የሚቸበችቡ። ጎማር እነዚህን ሰዎች ከኦዲል አስበልጦ ይጠላቸው ነበር፤ ይሄ ደግሞ ቀላል ጥላቻ አይደለም።

እሑድ ደረሰ። ጎማር ንጹሕ ሸሚዝ ለበሰ፤ ለምን እንደለበሰ ግን ለራሱም አልነገረውም።

ቤቱ ሙሉ ነበር። እሱ ሲገባ ጨዋታው ቀጥ አለ። ካስተማራቸው ሰዎች አንዱ፣ ራሰ በራ የሆነ የስልሳ ዓመት ሰው፣ ሳያውቀው ከወንበሩ ብድግ ብሎ አፍሮ ተቀመጠ። መስኮቱ ሥር ሹል ጫማ ያደረገ እንግዳ ተቀምጧል። ደጅ የቆመችው ባዶ የጭነት መኪና የእሱ ናት። ኤቨራርት ይባላል፤ ከአንትወርፕ የመጣ ጠርሙስ ነጋዴ። ጎማር ሲያየው ደሙ ፈላ።

መሐል ጠረጴዛው ላይ አንድ ወንበር፣ አንድ ብርጭቆ፣ ቅርጫት ውስጥ የተኛ አንድ ጠርሙስ አለ። መስመሩ ወደ ላይ ነው። አጠገቡ ትንሽ ሳህን፣ ሳህኑ ላይ አንድ ቁራጭ ስኳር።

ኦዲል ባንኮኒውን ተደግፋ ቆማለች። አርጅታለች። ዓይኗ ግን ያው ነው።

«ተቀመጥ» አለችው።

«እንደምን አደርሽ ማለት ቀርቷል?»

«አንተን? እንዴት እንዳደርክ ምን ግዴ ነው! ተቀመጥ ብዬሃለሁ።»

ተቀመጠ።

«ይሄ ያን ቀን ስኳር የጠየቅክበት ቢራ ነው» አለች። ድምፅዋን ከፍ አደረገች፤ ለቤቱ ሁሉ ነው የምትናገረው። «ኢዚዶር አልሸጠውም፣ አልደፋውም። ኋለኛው ግድግዳ ሥር እንደተኛ አለ። ሌላ የቀረኝ የለም። እኚህ ሰውዬ ሁሉንም እወስዳለሁ ብለዋል። የሚሰጡኝ ገንዘብ የቤቱን ጣሪያ ያድሳል። ግን መጥፎ ከሆነ አንድ ጠርሙስ ከዚህ ቤት አይወጣም። ባሌ በመጥፎ ቢራ ስሙ አገር ላገር አይዞርም። ፍሳሽ ውስጥ እደፋዋለሁ።»

«ራስሽ አትቀምሺውም?»

«እኔማ ብቀምሰው እሱን ነው የምቀምሰው፤ ቢራውን አይደለም።»  በእጇ ቤቱን ዙሪያውን አሳየች። «እነዚህ ደግሞ ባሌ ከሞተ ጀምሮ ያረረ ድንች ባቀርብላቸው ‹ማር ማር ይላል› ነው የሚሉኝ። አዝነውልኝ ይዋሹኛል። አንተ አታዝንም። እጠላሃለሁ ጎማር፤ እኔን ደስ ለማሰኘት ግን አትዋሽም።»

«እና ልናገር?»

«እንዳትናገር! ድምፅህን መስማት አልፈልግም። ስኳር ከፈለገ ስኳሩን ክተትበት። ካልፈለገ ተወው። ያንን ታውቅበታለህ።»

አንድ ሰው ሊስቅ ጀምሮ በሳል አስመሰለው።

ኦዲል ጠርሙሱን ከቅርጫቱ ሳታነሳ፣ እንደተኛ፣ ቡሹን ነቀለችው።  ብርጭቆውን አዘንብላ ቀዳች፤ ነጩ አረፋ ወጣና ረጋ። ጎማር አነሳው። አሸተተው። መጀመሪያ ያሰበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አቼቶ ከሆነ ፊቴን ላላጣምም ብሎ አሰበ።

ጠጣ።

ጉምዛዜው አለ፤ ግን አይናከስም። እየተንሸራተተ ወርዶ፣ ከወረደ በኋላ አፍ ውስጥ ይቀራል፤ እንደ አረንጓዴ ፖም ልጣጭ፣ እንደ አሮጌ እንጨት፣ ትንሽም እንደ ዝናብ የመታው ጭድ። ያ ጉሮሮ ይቧጥጥ የነበረው ነገር የት እንደገባ እግዜር ይወቅ። በየአውቶቡሱ የዞረበት፣ በየከተማው ኪሱን ያራቆተበት፣ ያላገኘው ነገር ከቤቱ ሁለት መቶ እርምጃ ርቆ በጨለማ ተኝቶ ኖሯል። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ጋዙ ነው ብሎ ለማስመሰል አፍንጫውን ጠረገ።

ከዚያም ክፉ ሐሳብ መጣለት።

ስኳሩን ቢጨምረው ነጋዴው ባዶ መኪናውን ነድቶ ይሄዳል። ኦዲል ልትደፋ ትነሳለች። ያን ጊዜ ጎማር እየተጎተተ፣ እየተለመነ እንደሚያደርግ ሰው ሆኖ፣ «ኧረ ለምን ትደፊዋለሽ፣ ለጥንቸል ወጥ ይሆነኛል፣ በወጥ ቢራ ዋጋ እወስደዋለሁ» ይላታል። የምድር ቤት ሙሉ ጌዝ በአንድ ድስት ወጥ ዋጋ! እስከ ዕለተ ሞቱ ይበቃዋል። የሚከስሰው የለም። የሚያውቅም የለም፤ የቀመሰው እሱ ብቻ ነው። ደግሞም እሱ ካልወሰደው ያ ባለ ሹል ጫማ ነው የሚወስደው፤ ያ የሁሉም ነገር ዋጋ ሰቃይ። ለእሱ ከሚደርስ ለእኔ ቢደርስ ምን ኃጢአት አለው? አለ በሆዱ።

እጁ ሄዶ ስኳሩን አነሳ።

ቤቱ ትንፋሹን ዋጠ። ኤቨራርት ከመስኮቱ ሥር ምላሱን «ጭ!» አደረገ። ኦዲል አልተንቀሳቀሰችም፤ ባንኮኒውን የያዘው እጇ ብቻ ጠበቅ አለ። ጎማር ስኳሩን በሁለት ጣቱ ይዞ ብርጭቆው አፍ ላይ አደረሰው። ከዚያ በላይ አልሄደለትም። በሕይወቱ ትክክል የሆነን መልስ ስሕተት ብሎ አርሞ አያውቅም። ክፉ ሰው ነው፣ አዎ፤ ሰው ያስቀይማል፣ ያዋርዳል፤ ይሄን ግን አድርጎት አያውቅም። ጣቱ ታዘዘው አልታዘዘው፣ ስኳሩን ሳህኑ ላይ መለሰና ሳህኑን ወደ ኦዲል ገፋው።

«አንሺልኝ ይሄን» አለ። እንዳይናገር መታዘዙን ረስቶታል።

ሰዉ አጨበጨበ። ኔስቶር «ይኸው! ይኸው!» እያለ ጠረጴዛ ደበደበ። ኦዲል ግን አልሳቀችም። ከባንኮኒው ወጥታ መጣችና ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ያን ቀንስ?» አለች።

«ያን ቀን መጥፎ ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁን እንደሱ ያለ ጠጥቼ አላውቅም።»

«እንደሚበስል ታውቅ ነበር?»

ጎማር ዓይኑን ወደ ብርጭቆው መለሰ።

«መምህር አይደለህ? ስትጠየቅ መልስ እንጂ! ስለታም ቢራ ሲተኛ እንደሚለዝብ ታውቅ ነበር ወይስ አታውቅም?»

ይሄን በሸለቆው ውስጥ የማያውቅ ጠጪ የለም። «አውቅ ነበር» አለ።

«ኢዚዶርም ያውቅ ነበር። አንተ አንገቱን እስክታስደፋው ድረስ ያውቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ምንም አላውቅም አለ። በየትንሣኤው ምድር ቤት ይወርዳል፣ ጠርሙሶቹን ቆሞ ያያል፣ ይመለሳል። አንዱን ክፈተው ስለው ‹ስኳር ነው የሚፈልገው› ይለኛል። የሞተው ሳይቀምሰው ነው።» ድምፅዋ ሊሰበር ሲል በቁጣ ያዘችው። «አንዲት ቃል፣ ጎማር! ‹ቆይ› ብትለው ምን ነበረበት? ‹ቆይ ኢዚዶር፣ ይተኛ› ብትለው ምን ትሆን ነበር? ለምን አላልከውም?»

  ጎማር ምክንያቱን ያውቀዋል። ያን ቀን ሰዉ ሊስቅለት እንደሚችል አይቶ ነበር፤ ሳቁ ደግሞ ጣፋጭ ነበር።

«ሰዉ እንዲስቅ ብዬ ነው» አለ።

በቤቱ ውስጥ ያን ቀን የሳቁት ሁሉ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ።

ኤቨራርት ጉሮሮውን ጠረገ። መጥፎ ሰው አይደለም፤ ነገሩ ያስጨነቀው ነጋዴ ነው። «እንግዲህ ጥሩ ነው ከተባለ መጫን እንጀምር ይሆን፣ እመቤቴ?»

«ይጫኑ» አለች ኦዲል ከጎማር ላይ ዓይኗን ሳትነቅል። «ሁሉንም ይውሰዱ። እዚህ ያለ ሰው አይገባውም።»

ነጋዴው ምድር ቤት ወረደ። ጎማር ኮቱን አነሳ። ብርጭቆው ውስጥ የቀረውን ልጠጣ ወይስ ልተወው እያለ ሲያመነታ ነጋዴው ከደረጃው ብቅ አለ፤ በአንድ እጁ ሁለት ጠርሙስ አንገት ለአንገት አንቆ፣ በሌላው እጁ ሁለት፣ እንደ ገበያ ዶሮ እያወዛወዛቸው።

«መስመሩ!» አለ ጎማር።

«መስመሩን ወደ ላይ!» አለች ኦዲል በዚያው ቅጽበት። ሁለቱም እኩል ነው የጮኹት። ተያዩና ሁለቱም በዚህ ተናደዱ።

ኤቨራርት ደንግጦ ቆመ። «ምን ሆናችሁ? ቢደፈርስ ምን አለበት? የሚጠጣ እኮ አይደለም።»

«ምን አሉ?» አለች ኦዲል።

«ማለቴ፣ እኔ የምሸጥላቸው ሰዎች አይከፍቱትም። መደርደሪያ ላይ ነው የሚያኖሩት። ቀማሚው የሞተ፣ ከዚህ በኋላ የማይገኝ፤ እያደር ዋጋው ይወጣል። መክፈትማ ኪሳራ ነው።»

ኦዲል ወደ ሰውየው ሄደች። ቀስ ብላ ነው የሄደችው፤ የሚያውቋት ሰዎች ግን ወንበራቸውን ወደ ኋላ ሳብ አደረጉ።

«አይከፍቱትም» አለች።

«አዎ፣ ምክንያቱም...»

«ባሌ አሥራ አንድ ዓመት ያልከፈተውን አሁን ደግሞ ሌላ ሰው ሳይከፍተው ይሙት?» ጠርሙሶቹን አንድ ባንድ ከእጁ ተቀበለችው፤ እያንዳንዱን በጎኑ እያስተኛች ጠረጴዛ ላይ ደረደረቻቸው። «ይሂዱ ከዚህ።»

«እመቤቴ፣ ጣሪያውስ? ተስማምተን...»

«ያፍስስ! ባልዲ አለኝ። ውጣ ነው የምልህ!»

ከ‹እርስዎ› ወደ ‹አንተ› ስትወርድ ኔስቶር ተነስቶ በሩን ከፈተለት። መኪናዋ ባዶዋን እየተንኳኳች ሄደች።

ኦዲል ፀጉሯን ወደ ኋላ መለሰች። «ከዛሬ ጀምሮ ይከፈታል» አለች። «እዚሁ ተከፍቶ እዚሁ ይጠጣል። ቡሹ ያልተነቀለ ጠርሙስ ከበሩ አይወጣም።»

«ዋጋውስ?» አለ ኔስቶር እየፈራ።

«ኢዚዶር የተወው ዋጋ ነው። ምን ዋጋ አለ ሌላ!»

ቤቱ ተንጫጫ። እሷ ራሷ ከቅርጫቱ ጠርሙስ የቀረውን ለራሷ ቀድታ ባንኮኒው ኋላ ዞራ ጀርባዋን ለሰው ሰጠች። ምን ያህል ጊዜ እንደዚያ እንደቆመች፣ ፊቷ ምን እንደመሰለ ማንም አላየም። ስትዞር ብርጭቆው ባዶ ነበር።

ጎማር ኮቱን በክንዱ እንደያዘ ቆሟል። መውጣትም መቀመጥም አልቻለም።

«አንተ ምን ትገተራለህ?» አለችው። «ወንበሩ እኮ አልተወሰደብህም።»

«ልቀመጥ?»

«ይቅር አላልኩህም። እሱ እንዳይመስልህ።»

«አልመሰለኝም።»

«ድምፅህንም አልሰማም። መጥተህ ትጠጣለህ፣ ከፍለህ ትሄዳለህ።» ነጋዴው ሲያወዛውዛቸው ከነበሩት ጠርሙሶች አንዱን አንስታ ባዶው ቅርጫት ውስጥ በጎኑ አስተኛችና ፊቱ አኖረችው። የኖራው መስመር ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ሆነ። በወፍራሙ መስተዋት ውስጥ አተላው እንደ ጭስ ሲዞር ይታያል። «ያንተ ይሄ ነው።»

ጎማር ተቀመጠ።  የቡሽ መንቀያውን ከጠረጴዛው አነሳና እጁን ወደ ጠርሙሱ ሰደደ።

ኦዲል እጁን መታችው።

«ቆይ» አለችው።

ጎማር እጁን ሰብስቦ ቆየ።